ተረጂ የሌለበት ድስት

መንግሥት ይለወጣል፣ አውራጃ ክልል ይሆናል፣ ወንጌላዊ ይዛወራል፣ ኮሚቴ ይወርዳል፣ ሌላ ኮሚቴ ይመረጣል። የቤተ ክርስቲያን ጭልፋ ግን ከያዘችው ሴት እጅ ወጥቶ አያውቅም። የትም ብትሄዱ፣ ሰው ተሰብስቦ በሚበላበት ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አለች። ማንም አልመረጣትም፣ ማንም አልሾማትም። አንድ ቀን “እስቲ ለአምስት ደቂቃ ያዥልኝ” ብለው ጭልፋውን አቀበሏት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰችም።

የእኛዋ ክብርት ማማ አጁሉ ትባላለች፤ የሦስቱ ትልልቅ ድስቶች የበላይ ጠባቂ፣ የማንጎው ጥላ ገዥ፣ የባቄላ ጆንያዎች ጠቅላይ አዛዥ። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ብትሰማኝ በጭልፋው ነበር የምታጸድቅልኝ። “አንቺ” ማለቴን ግን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ። አንቱታ ከደጋ ሲወርድ ጎሬ ላይ መኪና ያመልጠዋል መሰለኝ፣ ጋምቤላ ድረስ እምብዛም አይደርስም። እኛ “ማማ” ካልን ሁሉንም ብለናል።

ነገሩ የሆነው ክልል በሆንን በሁለተኛው ዓመት ነው። ኒውላንድ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለተቸገረ ሰው ምሳ ታዘጋጅ ነበር። ባቄላውንና ዘይቱን አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአዲስ አበባ ይልካል፣ በቆሎውን ምእመናን ያዋጣሉ፣ ዓሣውን ባሮ ወንዝ ይሰጣል። በሽተኛ ይዞ ከገጠር የመጣ አለ፣ ከብቱን ጥሎ የተፈናቀለ አለ፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ አለ። ኮሚቴው “ነፃ ምሳ” ብሎ ካርቶን ላይ ጽፎ በሩ ላይ ለጥፎ ነበር። ማማ አጁሉ በመጀመሪያው ቅዳሜ ካርቶኑን ገንጥላ እሳት አቀጣጠለችበት።

የእሷ ግዛት አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው። በሩን አልፎ የገባውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታየውና “እጅ አለህ?” ትላለች። ወንድም ይሁን ሴት፣ ቄስም ይሁን ሹም “እጅ አለህ” ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የምታድለው፣ እንደ ወጧ። የተጠየቀው ሰው ግራ ይገባውና “አለኝ” ይላል። “እንግዲያው ና!” ትላለች። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሠራተኛ ነው። እንጨት ይፈልጣል፣ ከባሮ ውሃ ያመላልሳል፣ የዓሣ ቅርፊት ይፍቃል። “ያልሠራ አይብላ ማለቷ ነው” ብላችሁ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ የሰጠችው ሰው ስንት ነው! አንድ ጊዜ እጁ ተሰብሮ በጨርቅ የታሰረ ሰውዬ መጣ። “ሌላኛውስ?” አለችው።

ማማ ኛዳክን ውሰዱ። ዓይኗ ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እንጨት ልፍለጥ ብትል የሰው እግር ትቆርጣለች። ማማ አጁሉ ድስቶቹ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና፣ “አንተ ድስት ስማ። ድምፁ ሲለወጥ ንገረኝ” አለቻት። ይኸውላችሁ፣ ማማ ኛዳክ ከዚያ ወዲህ የድስት አዳማጭ ናት። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ሐኪም ፊቷን ኮስተር አድርጋ ታዳምጣለች። “መሐለኛው ሊያርር ነው!” ብላ ስትጮህ ሦስት ሰው ይሮጣል። እሷ ካለች ድስት አርሮ አያውቅም፤ ይህን እኔም እመሰክራለሁ።

ቢየል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ለወንድነት ማዕረግ ግንባሩ ላይ ስድስቱን መስመር ያሰመረ የኑዌር ጎልማሳ ማብሰያ አጠገብ ድርሽ አይልም፤ ዘመዱ ባልሆነች ሴት ፊትም አይበላም። “ይሉኝታ ነው” ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ከይሉኝታ ይጠብቃል። ቢየል ከነቤተሰቡ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ነው። ሦስት ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስገብቶ፣ እሱ ሳይበላ ተመለሰ። በአራተኛው ማማ አጁሉ ጭልፋዋን ይዛ ወጣች።

“እጅ አለህ?”

“አለኝ። ግን ሴቶች የሚሠሩበት አልገባም” አለ ቢየል።

“ማን ግባ አለህ? ፍየል አስቸገረኝ። ብዙ ፍየል። ጠባቂ የለኝም።”

በግቢው የነበረችው ፍየል አንዲት ናት፣ እሷም አንካሳ። ቢየል ዱላውን ይዞ ከድስቶቹ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆመ፤ አቋቋሙን ያየ ባንክ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። ስለ ምሳው ደግሞ ከማንጎው እስከ አጥሩ አሮጌ ሸራ ተወጠረና “ዕቃ ቤት” ተባለ። ቢየልና እሱን መሰል ጠባቂዎች ዕቃውን ሊያዩ ወደዚያ ይገባሉ፤ ትሪም ተከትሏቸው ይገባል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከትሪው በቀር አንድም ዕቃ አልነበረም።

አንድ የደጋ ሰውም ነበረን፤ ዲማ ወርቅ ሲቆፍር ከርሞ ስለመጣ እሱኑ “ዲማ” አልነው። ማማ አጁሉ “ዲማ ምን አገኘህ?” ስትለው “ወባ” ብሎ መለሰላት። የባቄላ ጆንያ ፊቱ ላይ ዘረገፈችና ድንጋዩን ልቀም አለችው። ሰውዬው ደሙ ፈላ። “እንዴ! ወንድ ልጅ ባቄላ ይለቅማል?”

“ከአፈር ወርቅ ስትለቅም ወንድ ነበርክ” አለች ማማ አጁሉ። “ከባቄላ ድንጋይ ስትለቅም ምን ትሆናለህ?”

ዲማ እጅጌውን ሰበሰበ። ተቀመጠ። አቤት አለቃቀም! እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ ገልብጦ አይቶ፣ ከዚያ ነው የሚጥላት። ተስፋ አይቆርጥም እኮ።

እንግዲህ ሳልወድ በግዴ ወደ ራሴ ልምጣ። ኦፒው እባላለሁ፤ በድሮው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ክልል ስንሆን መሥሪያ ቤቱ ታጠፈና “ድልድል እስኪወጣ ጠብቅ” ተባልኩ። ድልድል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው፤ ወተቷን ዘጠኝ ወር ጠበቅሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ፋይሌን በብብቴ ሽጉጬ ከቤት እወጣለሁ። ሰው ሲያየኝ ቢሮ የምገባ እመስላለሁ፤ የምሄደው ግን ባሮ ዳርቻ ነው፣ ድሮ መርከብ ይራገፍበት ከነበረው ቦታ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዓሣ የሚያጠምደውን፣ ልብስ የሚያጥበውን እያየሁ የሥራ ሰዓቴን እጨርሳለሁ። የምሳ ሰዓት ሳይቀር አከብር ነበር። የጠፋው ምሳው ነው።

አንድ ቅዳሜ የዓሣ ወጥ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አደረሰኝ። “ወንጌላዊ ሪክን ልጠይቅ ነው የመጣሁት” አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ማማ አጁሉ የተተኮሰውን ሸሚዜን አየች፣ ፋይሌን አየች፣ ከዚያ ቀበቶዬን አየች። ቀበቶዬ ላይ በምስማር የበሳሁት አዲስ ቀዳዳ ነበር።

“እጅ አለህ?”

“አለኝ፤ ግን የቢሮ ሰው ነኝ፣ ታይፒስት።”

“እንግዲያው ጨው ቅመስልኝ” አለች። “ጨው የተማረ ሰው ይፈልጋል።”

ከመጀመሪያው ድስት አንድ ሳህን ሙሉ ቀዳችልኝ። ሁለት ማንኪያ ቀምሼ “ደህና ነው” አልኳት። “ጨርስ!” አለችኝ። “ጨው ሥር ነው የሚተኛው።” ጨረስኩ። ከሁለተኛው ድስት ሁለተኛ ሳህን፣ ከሦስተኛው ሦስተኛ። እንዲህ አድርጌ የቤተ ክርስቲያናችን ጨው ቀማሽ ሆንኩ።

ሹመት ሰውን ያበላሻል፤ እኔንም አበላሸኝ። ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ምላሴን ከላንቃዬ አጣብቄ አላቅቃለሁ፣ ከዚያ፣ “የመጀመሪያው ተስማምቶታል። ሁለተኛው ግን አንዲት ቁንጥር ይቀረዋል” እላለሁ። ማማ አጁሉ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጠኛለች። እውነት ለመናገር፣ እግዚአብሔር ለጨው ልዩ ስጦታ ሰጥቶኝ ሳላውቀው ዕድሜዬን በታይፕ የፈጀሁ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ባሮ ዳር ድንጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቅዳሜን እጠብቃለሁ። ሌላ የምጠብቀው ነገርም አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ወንጌላዊ ሪክ ከእርዳታ ድርጅቱ የመጣ ቅጽ ይዞ መጣና “አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ፣ ሙላልኝ” አለኝ። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ በኩል ተረጂዎች በስም፣ በሌላው በጎ ፈቃደኞች በስም። ብዕሬን አወጣሁ። ማማ አጁሉ ጭልፋዋን ይዛ በላዬ ቆመች።

“ቢየል?” አልኳት።

“ጠባቂ።”

“ማማ ኛዳክ?”

“አዳማጭ።”

“ዲማስ?”

“ለቃሚ።”

እንዲህ እያልን የሁሉንም ስም ከበጎ ፈቃደኞቹ በኩል አሰፈርን። የተረጂው ዓምድ ባዶውን ቀረ። “ማማ፣ ታዲያ ተረጂው ማን ነው?”

“አንተ እዚህ ተረጂ አየህ?” አለችኝ፣ በጭልፋው ግቢውን ዙሪያውን እያሳየች።

ልከራከራት ይገባኝ ነበር። ቅጽ ምን እንደሚፈልግ በዚያ ግቢ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ያ ዓምድ አንዴ ከተከፈተ የእኔ ስም የት ሊገባ ነው? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ሊያወጣው የነበረው ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት ነው። “ኦፒው፣ ጨው ቀማሽ” ብዬ በቆንጆ ጽሕፈት ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ራሴን መዘገብኩ። ተረጂ ከሚለው ሥር “የለም” ብዬ ጻፍኩ። ወንጌላዊ ሪክ ሁሉን ነገር በጸሎት ነው የሚያደርገው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ፈረመ።

በወሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ኤክስፐርት ከአዲስ አበባ በላንድክሩዘር መጣ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል። ትሑት ሰው ነው፣ ክፉ አልነበረም፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ቅጹን አወጣ።

“ይቅርታ አድርጉልኝና” አለ፣ “ተረጂ ከሌለ እህሉ የት ነው የሚገባው?”

ወንጌላዊ ሪክ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ማንጎው ዞርኩ።

“ደንቡ ግልጽ ነው” አለ ኤክስፐርቱ። “ተረጂ የሌለበት ቦታ እህል አንልክም። ግን በዓይኔ አይቼ ብሄድ ይሻለኛል። በጎ ፈቃደኞች እዚሁ ማንጎው ሥር ቆዩ። ተረጂዎች እባካችሁ ወደ አጥሩ በኩል ተለይታችሁ ቁሙ።”

አንድ ሰው አልተነቃነቀም። ቢየል ዱላውን ጨበጠ፣ ጠባቂ ነዋ! ዲማ አንገቱን ደፍቶ ባቄላ ይለቅማል። ማማ ኛዳክ ጆሮዋ ድስቱ ላይ ነው። በጎመን እጅ፣ በዓሣ እጅ፣ በአመድ እጅ ሁሉም ሥራውን ይዞ ቆሟል። በአጥሩ በኩል ያቺ አንካሳ ፍየል ብቻ ነበረች። እኔም ከማንጎው ሥር አልወጣሁም። ምሳው ሊዘጋ ነው፤ ለስንቱ ከሳምንት እስከ ሳምንት ያለችው አንዲት ደህና ምግብ ያቺ እንደሆነች አውቃለሁ፣ ለራሴም ያቺው ነበረች። ብቻ አጥሩ ሩቅ ሆነብኝ። ሰባት ወር የተኮስኩት ሸሚዝ አላራምድ አለኝ።

ኤክስፐርቱ ጥቂት ጠበቀ። “አዝናለሁ” አለና ቅጹን ወደ ቦርሳው ሊከት እጁን ሰደደ።

ያኔ ማማ አጁሉ ተነሣች። ጭልፋዋን እንደያዘች ግቢውን አቋርጣ ሄደችና አጥሩ ጥግ፣ ፍየሏ አጠገብ ቆመች።

“እኔን ጻፍ” አለች።

“እርስዎ ኃላፊዋ አይደሉም እንዴ?” አለ ኤክስፐርቱ።

“ባሌ ሞተ። ልጆቼ ሱዳን ሄዱ፣ አልተመለሱም። ቤቴ ትልቅ ድስት አለ፣ ሰው የለም። ሌላ ቀን ቆሜ ነው የምጎርሰው። ቅዳሜ ብቻ ነው እንደ ሰው ተቀምጬ የምበላው። እኔ ተረጂ ነኝ። ጻፍ!”

ማማ አጁሉን እንዲያ አይቻት አላውቅም። ጭልፋ ይዛ ብቻዋን ስትቆም ትንሽ ሴት ናት። የማንንም ስም በዚያ በኩል እንዳይጻፍ የተከላከለች ሴት የራሷን ስም ስታስጽፍ ሳይ አፈርኩ፣ በራሴ አፈርኩ። መቼ እንደተራመድኩ አላውቅም፣ ራሴን ጎኗ አገኘሁት።

“ኦፒው ብለህ ጻፍ” አልኩት። “ታይፒስት ነበርኩ። ሰባት ወር ሥራ የለኝም። ተረጂ ነኝ።”

ቃሏ ከአፌ ስትወጣ እንደፈራሁት ሰማይ አልተደፋብኝም። ማማ አጁሉ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

“ማን ሄደ?” አለች ማማ ኛዳክ። “እግር ሰማሁ። አጁሉ የት ሄደ? እኔንም ውሰዱኝ።” ዲማ ባቄላውን ትቶ እጇን ይዞ መርቶ አመጣት። ቢየል ድስቶቹን አየ፣ እኛን አየ። “የምጠብቀው ሰው እዚያ ከሄደ እዚህ ምን አቆመኝ?” ብሎ ዱላውን በትከሻው አድርጎ ተሻገረ። ከዚያማ ተዉት፣ ሕዝብ ተንቀሳቀሰ። በመጨረሻ ወንጌላዊ ሪክ ራሱ መጽሐፍ ቅዱሱን በእቅፉ ይዞ “ኃጢአተኛ ነኝ፣ እኔም ተረጂ ነኝ” እያለ መጣ። ማንጎው ሥር ያለ ሰው ጠፋ።

ኤክስፐርቱ ብዕሩን ይዞ ወደ ባዶው የማንጎ ጥላ ዞረ። “አሁን ደግሞ” አለ፣ “በጎ ፈቃደኛ የለም!”

ማማ አጁሉ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

“እጅ አለህ?”

ሰውዬው ሁለት እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸው። “አለኝ” አለ።

“እንግዲያው ና!”

ኮቱን አወለቀ። ዲማ አጠገብ በርጩማ ተሰጠውና ቀኑን ሙሉ ባቄላ ለቀመ፤ አለቃቀሙ ከዲማ ጋር አይወዳደርም እንጂ መጥፎ አልነበረም። ከመሄዱ በፊት በቅጹ ላይ የሁላችንንም ስም በሁለቱም ዓምዶች ጻፈ። “ደንቡ አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይጻፍ አይልም” አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። እህሉ አልቆመም።

ከሁለት ወር በኋላ ድልድሉ ወጣልኝ። ከአንዱ አዲስ ቢሮ፣ ጠረጴዛ ካለው ወንበር ከሌለው፣ ታይፒስት ተብዬ ገባሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ግቢው ደረስኩ። ሳህኔን አነሣሁና እንደ ልማዴ ወደ ድስቶቹ ጠጋ አልኩ። “ማማ፣ ጨው ልቅመስልሽ?”

ማማ አጁሉ ሸሚዜን አየች፣ ሽንኩርቱን አየች፣ ቀበቶዬን አየች። ቀበቶዬ ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሷል። ጭልፋውን ሁለተኛው ድስት ውስጥ ነከር አደረገችና እጄን ስባ፣ እጄ ጀርባ ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ አደረገች።

“ቅመስ” አለችኝ።

“ማማ፣ ጨው ሥር ነው የሚተኛው አላልሽም?”

“ለጨው ጠብታ ይበቃል” አለችና ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች።

ጠብታዋን ላስኩና ባዶ ሳህኔን ይዤ ቆምኩ። ለካስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ረሃቤን ታውቃለች! ያ ሁሉ ዓይን መጨፈን፣ ያ ሁሉ “አንዲት ቁንጥር ይቀረዋል”፣ ያ ሁሉ ሊቅነት! ቁንጥር ጨው ስታነሣ አይቻለሁ እንጂ ድስቱ ውስጥ ስትጨምር አንድም ቀን አላየሁም። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። በዓለም ላይ እንደ እሷ የማከብረው ሹም የለኝም፤ እንደ እሷ የምወደውም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ ሰውዬ በሩን አልፎ ገባ። ጫማው ተወልውሏል፣ የእጅ ቦርሳ ይዟል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ተሰብስቦ ታስሯል። “ወንጌላዊ ሪክን ልጠይቅ ነው የመጣሁት” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

“እጅ አለህ?” አለችው ማማ አጁሉ።

“አለኝ፤ ግን እኔ አስተማሪ ነኝ።”

“እንግዲያው ጨው ቅመስልኝ። ጨው የተማረ ሰው ይፈልጋል።”

ሦስቱንም ሳህን እስከ ሥሩ ጨረሰ። አፉን ጠረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥቂት አሰበና፣ “ሁለተኛው ትንሽ ይቀረዋል” አለ።

ማማ አጁሉ ወደ እኔ ዞረች። “አንተስ ምን ትላለህ?”

ከሁለተኛው ድስት የነጠበችልኝ ጠብታ ገና ምላሴ ላይ ነበረች። ጨዉ ልክ ነበር።

“እውነቱን ነው” አልኩ። “ይቀረዋል።”